ኬክ ኬክ የምትሸተው እትዬ ማኔ

የሞቷን ወሬ የሰማሁት ደብረ ብርሃን ገበያ ውስጥ፣ ለተማሪዎች ዩኒፎርም የሚሆን ጨርቅ ሳማርጥ ነው። ስልኬ ጮኸ፤ እትዬ ማኔ ሱቅ የምትሠራው የሺ ነበረች።

«ዘኔ፣ ብቻሽን ነሽ?» አለችኝ።

«ምነው? ምን ሆናችሁ?»

«እትዬ ማኔ... ሱቋን ከፍታ፣ ደጁን ጠርጋ፣ ወንበሯ ላይ ቁጭ እንዳለች ነው። ልቧ ነው አሉ። ጤና ጣቢያ ሳንደርስ...»

ጨርቁን ለነጋዴው መለስኩለትና በተገኘው ሚኒባስ ወደ መሐል ሜዳ ተሳፈርኩ። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት እንባዬን አይተው «እናትሽ ናት ልጄ?» አሉኝ። «ጎረቤቴ ናት» አልኳቸው። ገረማቸው መሰለኝ፣ ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። እትዬ ማኔን ቢያውቋት ኖሮ አይገርማቸውም ነበር።

ሙሉ ስሟ ማንያህልሻል ነው፤ ስም ያወጡላት ሰዎች አልተሳሳቱም። አጠር ብላ ደልደል ያለች፣ ፊተ ክብ ሴት ነበረች። ከእኔ የልብስ ስፌት ቤት ጎን ባና ትነግዳለች። ባና ያው ከበግ ጠጉር የሚሠራው፣ የእኛን አገር ብርድ የሚችለው ወፍራም ልብስ ነው። ግድግዳችን አንድ፣ እሱም ስስ ጣውላ ስለነበር ስታስነጥስ «ይማርሽ» የምላት እኔ ነበርኩ። መልስ ከመስጠቷ በፊት አንድ ልማድ ነበራት፦ አገጯን ቀና ታደርግና አየሩን በአፍንጫዋ በረጅሙ ትስባለች። ሰው ተቆጥቶ ቢመጣ፣ ዋጋ ሊሰብር ቢመጣ፣ ፍቅር ሊገልጽ ቢመጣ መጀመሪያ ታሸተዋለች። ከዚያ ነው የምትናገረው።

ባና ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ሽታውን ያውቀዋል። በተለይ በክረምት፣ ጠጉሩ እርጥበት ሲጠጣ፣ ቤቱ በሙሉ የረጠበ በግ የረጠበ በግ ይላል። ነጋዴውም እንደዚያው ይሸታል፤ ልብሱ፣ ጸጉሩ፣ የሚቆጥረው ብር ሳይቀር። እትዬ ማኔ ቤት ስትገቡ ግን የሚቀበላችሁ ሌላ ነገር ነበር። ከዘመሮ በኩል የመጡ አንድ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆመው ግራ ቀኝ ሲያማትሩ ትዝ ይለኛል።

«ልጄ፣ ባና ቤት ያሉኝ ይህንን አልነበረም እንዴ? ዳቦ ትጋግሪያለሽ?»

«ባና ቤት ነው አባባ፤ ይግቡ። ሽታው ጣፍጦዎት እንዳይገምጡት ብቻ።»

ሽማግሌው የሚያህላቸውን ባና ገዝተው፣ እሱኑ አፍንጫቸው ላይ እንደያዙ እየሳቁ ሄዱ።

የሽቶው ነገር የመጣው ባሏ ከሞተ በኋላ ነው። ባሏ ሸዋንግዛው የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ልጅ አልወለዱም። ታሞ ሲተኛ እሷው አስታመመችው፣ ሲሞት ዓመት ሙሉ ከል ለበሰች፣ ተዝካሩንም በወጉ አወጣች። ሙት ዓመቱ ባለፈ ሰሞን ከሏን አውልቃ ባና ልትሸጥ ደብረ ብርሃን ወረደች። እዚያ አንድ ኮስሞቲክስ ቤት ገብታ ሻጯ እጇ ላይ አንድ ነገር ረጨችላት።

ወዲያው አልገዛችም። «መጀመሪያ ያማረ ሁሉ መጨረሻው አይታወቅም፤ ቆይቼ እመጣለሁ» ብላ ወጣች። ባናዋን አራግፋ፣ ምሳዋን በልታ፣ መናኸሪያው አጠገብ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ እስክትመለስ ድረስ የእጇን አንጓ ስታሸት ዋለች። ወደ ማታ ሄዳ ገዛችው። ጠርሙሱ ሮዝ፣ ክዳኑ ወርቅማ ነው። ላዩ ላይ የተጻፈውን የፈረንጅ ስም ሁለታችንም ማንበብ ስላልሆነልን «ኬኩ» አለችው፤ ኬኩ ሆኖ ቀረ።

«ስሚ ዘኔ፣» አለችኝ በማግስቱ፣ እጇን በጣውላው ጥግ አሳልፋ አፍንጫዬ ሥር እያደረገች፤ «ጠዋት ስቀባው እንጆሪና ልትፈርጥ የደረሰች ማንጎ ነው። በጣም ይቸኩላል፣ እንደ ልጃገረድ ነገር ነው። ረፋዱ ላይ ፍሬው ይሄድና ክሬሙ ይመጣል፤ ኬክ ቤት በር ላይ እንደቆምሽ አድርጊው። ማታ ደግሞ ድስት ሥር የያዘ ስኳር ይሆናል፤ ጣፍጦ ጣፍጦ ጫፉ ላይ መረር የሚል። እኔን ያስገዛኝ እሱ የማታው ነው። የጠዋቱንማ ማንም ይሠራዋል።»

የእኛ አገር ብርድ ሽቶ ያስተኛል። ማለዳ ከቤቷ ስትመጣ አጠገቧ ብትቆሙ እንኳ ምንም አይሸታችሁም። ፀሐይ በበሩ ገብታ ትከሻዋ ላይ ስታርፍ፣ ወይም የባና ክምር ተሸክማ ሰውነቷ ሲሞቅ፣ ያኔ ይነሳል። እኔ የስፌት መኪናዬን እየረገጥኩ በጣውላው ስንጥቅ ሲመጣልኝ ሰዓት ሳላይ ረፋዱን አውቀው ነበር። ቆዳዋ ላይ ማታ ያልቃል፤ ሹራቧና ባናዋ ላይ ግን ሳምንት ይከርማል። «ቆዳ ይረሳል፣ ጠጉር አይረሳም» ትል ነበር።

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ተመሳሳዩን እየፈለጉ መግዛት ጀመሩ። ልጆች ናቸውና ታጥበውበት ይመጣሉ። አንዷን ጠርታ ስትመክራት ሰምቻለሁ፦ «የኔ እመቤት፣ ሽቶ ሰላምታ ነው። ሰው ቀርቦሽ ነው የሚሰማው፤ ከማዶ እየጮሁ ደህና ዋሉ ይባላል? አንገትሽ ላይ አንድ ጊዜ፣ ልብስሽ ላይ አንድ ጊዜ። ከዚያ በላይ ያለው ለጎረቤት ራስ ምታት ነው።» እሷ ራሷ ከዚህ አልፋ አታውቅም ነበር። አንድ ቀን ብቻ አልፋለች፤ እሱን እመለስበታለሁ።

በመስከረም ሜዳው ሁሉ አበባ ሲሆን ገበያ መሐል ንቦች አንገቷን ይዞሯት ነበር። ሰው ይሸሻል፤ እሷ ቀጥ ብላ ትቆማለች። «ተዉአቸው፤ አበባው የት እንዳለ ጠፍቷቸው ነው» ትላለች።

ይህንን ሁሉ ያልወደደው የባሏ ታላቅ ወንድም አያ ጥላሁን ነው። በሞላሌ መንገድ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ የሚኖር፣ ገብስ አራሽ፣ ብዙ በግ ያለው፣ ስሙን የሚወድ ሰው ነው። በሁዳዴ ጾም አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለት ሽማግሌዎችንና የነፍስ አባቷን መምሬ ክንፉን አስከትሎ ሱቋ መጣ። እኔንም «ምስክር ትሁን» ብላ ጠራችኝ። ባናው ላይ ተቀመጡ።

«የወንድሜ አፈር ገና አልደረቀም፣» አለ አያ ጥላሁን። «ሚስቱ ግን ገበያ መሐል እንደ ሙሽራ ትሸታለች። ሰው ባል ፈላጊ ናት እያለ ነው። ሱቁ የወንድሜ ላብ ነው፤ ባዕድ ሳይገባበት ለቤተሰቡ ይመለስ። ይኸው ነው የኔ ነገር።»

አገጯን ቀና አደረገች፤ አየሩን ሳበች።

«አያ ጥላሁን፣ ከሉን ዓመት ሙሉ ለብሼዋለሁ፤ አንተም አይተሃል። ሀዘኔ ልቤ ውስጥ ነው ያለው፤ አንገቴ ላይ አልሰቀልኩትም። ሱቁን በተመለከተ እሱ መኪና ሲነዳ እኔ እዚህ ወንበር ላይ ነበርኩ፤ የሁለታችን ላብ ነው። የለም ካልክ ፍርድ ቤቱ ሩቅ አይደለም፣ እንሂድ። አንገቴ ግን ፍርድ ቤት አይቀርብም።»

አንደኛው ሽማግሌ ሳቃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ቀበሩት። መምሬ ክንፉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ለመሆኑ ይህ ነገር ምን ምን ይላል?»

«ጠዋት ፍራፍሬ ነው መምሬ። አሁን ክሬሙ ላይ ደርሷል።»

«እህ...» አሉና ወደ አያ ጥላሁን ዞሩ። «ጥላሁን፣ በጌታችን እግር ላይ ሽቶ ያፈሰሰችዋን ሴት ቤተ ክርስቲያን ምን ብላ ነው የምትጠራት? ማርያም እንተ ዕፍረት። ባለሽቶዋ ማርያም ማለት ነው። እስከዛሬ በሽቶዋ ነው የምትታወሰው። እኔ በየት በኩል ገብቼ ነው ሽቶ ነውር ነው የምልህ? የሱቁም ነገር የባልና የሚስት ነው፤ ሚስቲቱ አለች።»

አያ ጥላሁን አቀረቀረ። መምሬ ጣታቸውን ወደ እሷ ቀሰሩ።

«አንቺም ግን ስሚ ልጄ። ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ ቆሞ ሲያስቀድስ አጠገቡ ኬክ ኬክ ማለት ምን የሚሉት ጭካኔ ነው? ባለፈው ዓርብ እኔ ራሴ ቅዳሴ መሐል ምራቄን ስውጥ ነበር።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እሷም ስቃ ጉልበታቸውን ሳመች። «እሱስ እውነትዎን ነው። ቤተ ክርስቲያን ስመጣ አልቀባም። ያስጎመዠሁበትንም ይፍቱኝ።» ቃሏን እስከ መጨረሻው ጠበቀች። አያ ጥላሁን ግን ሳይስቅ ተነስቶ፣ በትሩን አንስቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ ገበያ ላይ ሲያያት መንገድ ይቀይር ጀመር።

ሕማማት ሊገባ ሲል፣ ቅዳሜ ቀን፣ እትዬ ማኔ ስፌት ቤቴ መጣች። «ተነሽ፣ አያ ጥላሁን ቤት እንሄዳለን» አለችኝ።

«ሱቅሽን ሊነጥቅሽ የመጣ ሰው ቤት?»

«አልነጠቀኝማ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው። ፋሲካን ተኳርፌ አልገድፍም።»

በእግር ሄድን። እሱ አልነበረም፤ በጎቹ ጋ ወጥቶ ነበር። ሚስቱ ወይዘሮ በላይነሽ ደንግጣ ተቀበለችን። ቤቱ በጥድ ጭስ ታፍኗል፤ ዓይን ያቃጥላል። እኔ ብርድ ስለሆነ ነው ብዬ አለፍኩት። እትዬ ማኔ ግን ገና ከመቀመጧ አገጯን ቀና አድርጋ ሳበች፤ ደግማ ሳበች።

«በላይነሽ፣ የሺ እንዴት ናት?»

የሺ ብቸኛ ሴት ልጃቸው ናት። ግሼ ተድራ እርጉዝ መሆኗን ሁላችንም ሰምተን ነበር።

«ደህና ናት፣ ባሏ ጋ...» አለች ወይዘሮ በላይነሽ። ይህን ስትል ከጓዳ በኩል የታፈነ ሳል ተሰማ። ሦስታችንም ሰማነው። እትዬ ማኔ ፈቃድ አልጠየቀችም፤ መጋረጃውን ገልጣ ገባች። እኔም ተከተልኳት።

የሺ ጥግ ላይ በጭድ በተሞላ ስልቻ ላይ ተጠቅልላ ነበር። ምጡ ጠንቶባት፣ መንገዱ ርቆባት፣ ሕፃኑ ሞቶ ነው የተገላገለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽንቷ አይቆምላትም። ባሏ ጥቂት ታግሦ በበቅሎ አስጭኖ ለአባቷ መለሳት። አባቷም ሰው እንዳያይ ጓዳ አስገባት። እናቷ የጥድ ጭሱን ቀን ከሌት የምታጨሰው ለዚህ ነበር። ይህንን ሁሉ ፊቷን ግድግዳው ላይ አድርጋ ነው የነገረችን።

ከዚያ ድንገት ዞረችና «እትዬ ማኔ፣ ያንን ሽቶሽን ስጪኝ። እለምንሻለሁ። እሱን ተቀብቼ ቢያንስ እናቴ አጠገብ ልቀመጥ» አለች።

እንደምትሰጣት አልተጠራጠርኩም ነበር። እትዬ ማኔ ግን ጭዱ ላይ፣ ልክ አጠገቧ፣ ልብሷን ሳትሰበስብ ተቀመጠች።

«አልሰጥሽም» አለቻት። «ሽቶ ለጌጥ ነው፤ ለመደበቂያ አይሆንም። አንቺ ቆሻሻ መሰለሽ እንዴ? የታመምሽ ልጅ ነሽ። ይህ ሕመም ስም አለው፤ ፊስቱላ ይባላል፤ ሐኪም ይሰፋዋል። ሬዲዮ ላይ ሲናገሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰኞ እንሄዳለን።»

አያ ጥላሁን የመጣው ይህን ጊዜ ነው። በትሩን እንደያዘ ጓዳው በር ላይ ቆመ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«የቤቴን ገመና ልትዘሪ ነው የመጣሽው? ሽማግሌ ፊት ስላዋረድኩሽ ልትበቀዪኝ?»

«ገመና የት አለ? ሕመም ነው ያየሁት።»

«በምን ትወስጃታለሽ? ሚኒባስ ውስጥ? እዚያ ታፍነው ተቀምጠው ሰው ሁሉ ልጄን እያሸተተ ፊቱን ሲያዞርባት? ከዚያስ እዚሁ ብትሞትልኝ ይሻለኛል!» ድምፁ ተሰበረ። ያን ጊዜ ነው ክፉ ሰው እንዳልሆነ የገባኝ። አፍሮ፣ ፈርቶ፣ የሚያደርገው ጠፍቶት ነበር።

እትዬ ማኔ ተነሳች። «ማንም አያሸታትም። የሚያሸተው እኔን ነው። ቃሌ ነው። አንተ ብቻ ሰኞ ማለዳ መንገዱ ዳር አምጣልኝ።»

ምን ልታደርግ እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ሰኞ ማለዳ ከመሐል ሜዳ ስንሳፈር የኋላውን ወንበር ለሦስታችን ያዘች። አያ ጥላሁን ቤት አካባቢ ስንደርስ «ረዳት፣ ሰው አለን» ብላ አስቆመች። አያ ጥላሁን ልጁን በባና ጠቅልሎ መንገድ ዳር ቆሟል። የሺን በመስኮቱ በኩል አስቀመጠቻት። ከዚያ ቦርሳዋን ከፈተች፣ ኬኩን አወጣች፣ አንገቷ ላይ፣ ደረቷ ላይ፣ ሹራቧ ላይ፣ ነጠላዋ ላይ፣ ጸጉሯ ላይ ረጨችው። ስትጨርስ ከጠርሙሱ ግማሹ አልቋል። የሺ ላይ አንዲት ጠብታ አላሳረፈችም።

ያን ቀን ኬኩ ኬክ አልነበረም። በዚያ መጠን፣ በዚያ የታፈነ መኪና ውስጥ፣ ማንጎው የበሰበሰ፣ ክሬሙ የተደፋ፣ ስኳሩ ቤት ሙሉ የተቃጠለ ይመስል ነበር። ጉሮሮ ይይዛል። ፊት የተቀመጠ አንድ ጎረምሳ አፍንጫውን ይዞ ዞረ።

«ኧረ መስኮት ክፈቱ! ምንድን ነው ይሄ?»

«እኔ ነኝ» አለች እትዬ ማኔ፣ ድምፇን ከፍ አድርጋ። «ሽቶዬ ነው። ምነው፣ አልወደድከውም?»

«ሴትዮ፣ ሽቶ ነው ፋብሪካ?»

መኪናው ሙሉ ሳቀ። ሌላው «አክስቴ፣ ሊድሩሽ ነው?» አላት። አንዲት ሴት «ሰው ራሱን አይጠብቅም?» ብላ አጉረመረመች። ሾፌሩ በመስታወቱ እያየ «ከዛሬ በኋላ ይህ መኪና ለሠርግ ነው የሚከራየው» አለ። ለሁሉም መልስ ሰጠች። ስታስቃቸው፣ ስታናድዳቸው፣ ስትከራከራቸው ዋለች። መንገዱን ሙሉ ዓይን ሁሉ እሷ ላይ፣ ወሬው ሁሉ ስለ እሷ ነበር። በባና ተጠቅልላ መስኮቱን የተደገፈችውን ልጅ ዞሮ ያያት የለም። እኔ መሐል ተቀምጬ ራሴን እያመመኝ፣ እያጥወለወለኝ፣ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን በሰው ኮርቼ አላውቅም።

ደብረ ብርሃን ስንወርድ የሺ እጇን ይዛ አለቀሰች። «እትዬ፣ ሰው አሳቅኩብሽ። አዋረድኩሽ።»

«እኔን?» አለች እትዬ ማኔ። «መኪና ሙሉ ሰው ስለ እኔ ሲያወራ ነው የመጣው። ለየትኛዋ ሴት ነው እንዲህ የሚሆንላት?»

ደብረ ብርሃን ሐኪሞቹ አይተው ወደ አዲስ አበባ ጻፉላት። እኔ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ፤ እትዬ ማኔ ሱቋን ዘግታ አብራት ቆየች። ፋሲካን የገደፈችው ሆስፒታል ኮሪደር ውስጥ፣ ጠባቂዎቹ ባካፈሏት ዶሮ ነው። ቀዶ ሕክምናው ተደርጎ፣ የሽንት ቱቦው በወጣ ማግስት ማለዳ ስልክ ተደወለልኝ። የሺ ናት። ሰላምታ እንኳ አልሰጠችኝም።

«ዘኔ፣ ደረቅ ነው።»

«ምኑ?»

«አንሶላው። አድሬበት ደረቅ ነው።»

ስፌት መኪናዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

የሺ ወደ ግሼ አልተመለሰችም፤ ከባሏም በወጉ ተፋታች። ከዚያ የእትዬ ማኔ ሱቅ ውስጥ ትውል ጀመር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ እኔ እያለሁ አንገቷን ዘርግታ «አሁን ቀቢኝ» አለቻት። እትዬ ማኔ አንገቷ ላይ አንድ ጊዜ፣ ሹራቧ ላይ አንድ ጊዜ ረጨችላት። የሺ ወዲያው ልታሸት ስትጎነበስ «ተይ፣ ማታ ንገሪኝ» አለቻት። ማታ ላይ ሱቅ ሲዘጋ የሺ እጅጌዋን አሽትታ ፊቷን ቅጭም አደረገች።

«ያንቺን አይመስልም። እኔ ላይ ስኳሩ አልመጣም፤ ክሬሙ ላይ ቀረ።»

«መቼስ ምን ታደርጊዋለሽ፣» አለች እትዬ ማኔ እየሳቀች፤ «ሽቶ አንድ የሚሆነው ጠርሙስ ውስጥ ሳለ ነው። ሰው ላይ ሲወጣ እንደ ሰዉ ነው።»

አያ ጥላሁን ይቅርታ አልጠየቀም፤ የመንዝ ወንድ ነው። በጎቹን የሸለተ ዕለት ግን ምርጡን ነጭ ጠጉር በጆንያ ሞልቶ፣ ራሱ ተሸክሞ ሱቋ በር ላይ አወረደው። «ለባና ይሆንሻል ብዬ ነው» አለ። እሷ አየሩን ሳበች። «ግባ አያ ጥላሁን፣ ነፋስ ነው።» ገባ። ልጁ ሻይ አመጣችለት። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገብሱ አወሩ። ሊሄድ ሲነሳ «ትንሽ ልርጭብህ?» አለችው። «ተይኝ እባክሽ!» ብሎ እጁን እያወናጨፈ ወጣ። ሲስቅ ያን ቀን ነው ያየሁት።

እንግዲህ ይህች ናት የሞተችው።

ከደብረ ብርሃን ስደርስ ድንኳኑ ተተክሏል። ቀብሩ በማግስቱ ሆነ። ሰው ከሞላሌም ከዘመሮም መጣ፤ ባና የሚሠሩት፣ ጠጉር የሚፈትሉት፣ ከእሷ የገዙ፣ ለእሷ የሸጡ። ከቀብር መልስ አልቃሾች በየተራ ስለ እጇ፣ ስለ ደግነቷ፣ ስለ ቁንጅናዋ አወረዱ። የሺ መሐላቸው ተቀምጣ ነበር። ተራው ሲያልፍ ተነሳች። ሙሾ የምታወርድ መስሎን ነበር።

«ግጥም አላውቅም» አለች። ድምፇ ከዳር እስከ ዳር ይሰማል። «እኔ ፊስቱላ ታምሜ ነበር። ሽንቴ አይቆምም ነበር። ለሰው እንዳልሸት በአባቴ ጓዳ ውስጥ ተደብቄ ነበር። እሷ ናት ገብታ ያወጣችኝ። ታክሜ ድኛለሁ። ይኸው ቆሜያለሁ። ይህንን እስከዛሬ አልተናገርኩም።»

ሴቶቹ ማልቀስ አቆሙ። እኔ ዓይኔን ወደ ወንዶቹ ወረወርኩ። አያ ጥላሁን የድንኳኑ ምሰሶ ሥር ተቀምጧል። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ስሙን የሚወድ ሰው እንደሆነ ነግሬያችኋለሁ። በትሩን ተደግፎ ቀስ ብሎ ተነሳ፤ ነጠላውን አስተካከለ።

«እውነቷን ነው» አለ። «የደበቅኳት እኔ ነኝ።» ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ።

ሰዉ መበተን ሲጀምር አንዲት የማናውቃት ሴትዮ የሺን በነጠላዋ ጫፍ ሳብ አደረገቻት። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ነው የምትናገረው። የእህቷ ልጅ ዘመሮ አለች። ከወለደች ወዲህ ከቤት ወጥታ አታውቅም። ሰው ሲጠይቅ አዲስ አበባ ሄዳለች ነው የሚባለው።

የሺ ወደ እኔ ዞረች። የትምህርት ቤቱን ጨርቅ ሳልገዛ እንደመጣሁ፣ ዩኒፎርሙ እንደዘገየ ታውቃለች። እያወቀች ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «እሺ» አልኳት።

ሣልስቱ ባለፈ በማግስቱ ዘመሮ ሄድን። ሴትዮዋ ከመንገድ ተቀብላ ወሰደችን። የልጅቷ እናት በሩ ላይ ቆመው እጃቸውን ዘርግተው ከለከሉን። «ማንም የለም፤ ልጄ እዚህ የለችም» አሉ። የሺ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። «አውቃለሁ እማማ። እኔንም እቤት የለችም ይሉኝ ነበር» አለቻቸው። እጃቸው ቀስ እያለ ወረደ።

ብቻዋን ገባች። እኔ ከእናትየው ጋር ደጅ፣ የድንጋይ አጥሩ ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የየሺ ድምፅ፣ ዝግ ብሎ። ከዚያ የልጅቷ ልቅሶ። ቀጥሎ እናትየው ራሳቸውን ቀና ያደረጉበት አንድ ነገር ተሰማ፤ ልጃቸው ጥያቄ ስትጠይቅ ነበር። «በእውነት ይደርቃል?» ትላለች።

ትንሽ ቆይቶ የሺ በሩ ላይ ብቅ አለች።

«እማማ፣ ደህናውን ቀሚሷን ስጡኝ» አለች። «የደብረ ብርሃኑ መኪና ሳይሞላ እንውጣ።»